አሥራ አንደኛው ማገር

አናጢው ያን ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ መድኃኒት ቀማሚዋ ፀጉሯን ሦስት ጊዜ አበጥራ ሦስቱንም ጊዜ አፍርሳው ነበር። በሩ ሥር ቆማ እስከ አምስት ቆጠረች። ከዚያ ከጓዳ የመጣች ለመምሰል እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከፈተችለት። እጇ ግን ደረቅ ነበር። ፍቅር ይዞት የማያውቅ አንባቢ ካለ ይሳቅባት፤ ሌሎቻችን ዝም እንበል።

“እንደምን አደርሽ?” አላት። ዓይኑ ከፊቷ ላይ አልነሣ አለ። አንድ ነገር ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር፤ እሷ ግን ናፍቆት መሰላትና ደስ አላት።

“ግባ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ እየጠበቀህ ነው።”

ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ወራት በፊት ነው። አባቷ ሲሞቱ ሰፊው ግቢ ተሸጠና እሷና እናቷ፣ እሷ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገቡ። እናትየው ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ተማሪ ሲያጡ ቁጣቸውን ወደ አትክልታቸው አዞሩት፤ በእሳቸው ግቢ ጎመኑም ቢሆን ተሰልፎ ነበር የሚበቅለው። አዲሱ ቤት ግን የሚቆጡት ነገር አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው “ትንሽ ቆይቼ” ይላሉ። ልጅቱ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤት ተሻግራ፣ በረንዳዋን አይቶ አንድ ዘዴ እንዲፈልግላት አናጢውን ለመነችው።

መጥቶ አየ። በረንዳው ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ስፋቱ አንድ እርምጃ ነው።

“እዚህ ምን ይበቅላል? ድመት እንኳ ተዘርግታ አትተኛበትም” አሉ እናትየው ከወንበራቸው ሳይነሡ።

“እትዬ፣ መሬቱ ሲጠበን ወደ ላይ እንሄዳለና። ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ አቆማለሁ፤ መሃሉ ላይ እንደ መሰላል አሥራ አንድ ማገር አጋድማለሁ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀዋለሁ፤ አየር ካልዞረበት ቅጠሉ ይሻግታል። ከሥር አፈር የሞላ ባልዲ እንደረድራለን። ኪያሩም፣ ፎሶሊያውም፣ ቲማቲሙም እየተጠማዘዘ ይወጣል። ወደ ላይ እንደሆነ ማንም አላጠረብን።”

“ቲማቲም ይጠማዘዛል ያለህ ማን ነው?” እናትየው ብድግ አሉ። “ቲማቲም ይታሰራል እንጂ አይጠማዘዝም! ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ነው የሚታሰረው፣ በሽቦ አይደለም!”

የድሮው ቁጣ ነበር፣ ያውም ከነሙሉ ክብሩ። ልጅቱ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ እንባዋ መጣ። አናጢው አየባት፤ አይቶም እንዳላየ ዞር ብሎ ሜትሩን መዘዘ። እኔን ብትጠይቁኝ የወደደችው ያኔ ነው እላለሁ።

የሁለት ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለመለካት ብቻ አራት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት የሜትሩን ጫፍ ይዛለት ሳለ “ትንሽ ወደ ግራ ይበሉ” ማለቱን ትቶ “ትንሽ ወደ ግራ በይ” አላት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንቺና አንተ ሆነው ቀሩ። በየሁለት ቀኑ ራሱን እያመመው ለክኒን ወደ መድኃኒት ቤት ይሻገር ጀመር። ዳይሬክተሯ ደግሞ ተማሪ ከኋላ ወንበር ሲያንሾካሹክ የሚሰሙ ሴት ነበሩ፤ ይህ ያመልጣቸዋል ማለት ዘበት ነው። “ይሄ ሰውዬ የሚለካው በረንዳ ነው አገር?” አሉ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ምሳ ላይ፣ “አንቺ ልጅ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ከሰው ጃኬት ላይ የመጋዝ ብናኝ ለማራገፍ አይደለም” አሏት። ልጅቱ እናቷን መልሳ መናገር አትችልበትም ነበር።

እንጨቱ ሲደርስ አናጢው አሥራ አንዱን ማገር በገመድ አስሮ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። “እንጨት የሚኖርበትን ቤት አየር ሳምንት ያህል መልመድ አለበት፤ ያለዚያ በኋላ ይጣመማል። የፊታችን ቅዳሜ መጥቼ እገጥመዋለሁ” አላቸው። በሩ ጋ ሲደርስ አንገቱን አቀርቅሮ፣ “እባክሽ፣ አንድ በአንድ እያገላበጥሽ እያቸው” አላት በቀስታ። ስንጥቅ ካለበት ለይታ እንድታስቀር መሰላት።

በዚያ ሳምንት የሥራ ባልደረባዋ ታመመችና የሁለት ሰው ሥራ ወደቀባት። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላታል። ማገሮቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። እናቷ አረንጓዴ ቀለም ገዝተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲቀቡ ግን ሰንብተዋል።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ አናጢው በረንዳው ላይ ወጣና ደርቆ ቀረ።

“ተቀብተዋል” አለ።

“አያምርም? ደግሞ ሁለት እጅ ነው!”

“ማን ነው የቀባው?”

“እኔና እማዬ ነና።” ቡሩሹን በጣቷ አልነካችም፤ ግን እጇ ያለበት ቢመስለው ደስ የሚለው መስሏት ነው።

“ከመቀባትሽ በፊት... አገላብጠሽ አየሻቸው?”

እዚህ ላይ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ስንት ነገር በቀረ! ነገር ግን በአደራ የነገራትን ረስታ እንቅልፏን ስትለጥጥ መሰንበቷን መናገር አሳፈራት። “ሁሉንም! አንድ በአንድ!” አለች እየሳቀች።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ቀባናቸው።”

አናጢው የአንዱን ማገር ቀለም በአውራ ጣቱ ዳበሰ። “ገባኝ” አለ በመጨረሻ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ይቅርታ ያድርጉልኝ! “አንቺ” ያለ አፍ ወደ “እርስዎ” ሲመለስ ምን ያህል እንደሚበርድ የደረሰበት ያውቀዋል። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንዳጠፋች ለማሰብ ብትሞክር ምንም አልመጣላት አለ።

ቋሚዎቹን አቆመ። በውሃ ልክ አየ፣ ሰረሰረ፣ ብሎን አጠበቀ። ማገሮቹን ቀድሞ በቋሚዎቹ ላይ በፈለፈላቸው መግቢያዎች ውስጥ ከታችና ከላይ ወደ መሃል እየመጣ አንድ በአንድ ሲያስገባ ከታች አምስተኛው መግቢያ ባዶ ቀረ። “አሥር ናቸው፤ አንድ ጎድሏል” አለ። ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ አንድ ባልዲ ላይ አቀርቅረው አፈር ያፍተለትሉ ነበር።

“ግድ የለም፣ ይበቃል” አለ። ለአንድ ጠማማ ምስማር ከመንገድ የሚመለስ ሰው፣ ሥራውን ከነክፍተቱ ትቶ መሣሪያውን ሰበሰበ። የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ወጣ። ልጅቱ የቀዘቀዘውን ሻይ እስክትደፋው ድረስ ብዙ ቆየች።

አምስት ሳምንት አለፈ። በረንዳው ሌላ በረንዳ ሆነ። ፎሶሊያው ቋሚው ላይ ተጠማዝዞ ወጣ፤ ቲማቲሙ በለስላሳ ጨርቅ ታሰረ። ዳይሬክተሯ በጠዋት ተነሥተው “አንተ ደግሞ ለምንድን ነው ወደ ጎን የምትሄደው?” እያሉ ኪያሩን ይገሥጹታል፤ ምሳቸውንም ሳይለመኑ ይበላሉ። ልጅቱ ያሰበችው ሁሉ ሆነላት ማለት ነው። ምሳ የማይወርድላት አሁን እሷ ነበረች።

መንገድ ማዶ አናጢው እንጨት የሚልግበትን ጠረጴዛ አዙሮታል። ድሮ ፊቱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ነበር፤ አሁን ጀርባው ሆነ። ቀና ባለች ቁጥር የምታየው ያን ጀርባ ነው፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የተተረተረበትን ቦታ ሳይቀር አወቀችው። ተሻግራ “ምን አደረግሁህ?” ልትለው ሦስት ጊዜ ተነሣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከበር ተመለሰች።

በአንድ ዓርብ የአናጢው እህት ሳል ይዟት መጣች። ሽሮፑን እየተቀበለች፣ “ወንድሜ እኮ እሑድ ጠዋት ሊሄድ ነው” አለቻት። “ሩቅ ነው። ትልቅ ሆቴል እየተሠራ ነው አሉ፤ በሩንም መስኮቱንም እሱ ነው የሚሠራው። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ምን እንደነካው እንጃ፣ ድሮ ከዚህ ሰፈር ውጣ ብትዪው የሚሞት ሰው ነበር።”

“በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” አለች መድኃኒት ቀማሚዋ። ያንኑ ደግማ አለችው።

እሑድ ጠዋት ኪያሩ ባዶው መግቢያ ጋ ደረሰ። እንደ ክር የቀጠኑ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ የሚቀጥለው ማገር በጣም ራቀው። ወገቡ ጎብጦ ሊሰበር ምንም አልቀረውም።

“አንድ የምናጋድምለት እንጨት ፈልጊ” አሉ እናቷ። “መጋረጃ መስቀያም ቢሆን። ቁም ሣጥኑ ጀርባ ግን ምንም የለም።”

ሠላሳ ዓመት የተማሪ ውሸት ሲይዙ የኖሩ ሴት ራሳቸው መዋሸት ፈጽሞ አይችሉበትም። ልጅቱ በቀጥታ ወደ እናቷ ቁም ሣጥን ጀርባ ሄደች። እዚያ በአሮጌ የአንገት ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ቆሟል። ፈታችው። አሥራ አንደኛው ማገር ነው፤ ቀለም አልነካውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ተጽፎበታል።

“11። እናትሽን ትተሽ ነይ አልልሽም። እትዬ የሌሉበት ቤት ቤት እንደማይሆንልሽ አይቻለሁ። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ያሰብኩት ለእሳቸው ነው። መልስ አትጻፊልኝ፤ ቅዳሜ ስመጣ ከፊትሽ አነበዋለሁ።”

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያ ዓይን! በሩን ስትከፍትለት ከፊቷ ላይ አልነሣ ያለው ዓይን! እሷም እየሳቀች ‘ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ፣ ከዚያማ ቀባናቸው’ ብላዋለች።

ቀና ስትል እናቷ አፈር በነካ እጃቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

“አሥሩም ላይ ጽፎ ነበር?” አለቻቸው።

“አሥሩም ላይ።”

“አንብበሽው ነው የቀባሽው?”

“አንብቤው ነው። በመጀመሪያው እጅ እርሳሱ አልሸፈን አለ፤ ለዚያ ነው የደገምኩት።”

“ይሄንንስ ለምን ተውሽው?”

እናትየው መልስ ለመስጠት የበሩን መቃን መያዝ አስፈለጋቸው። “ቡሩሹን ነክሬ አነሣሁት። ስለ እኔ የጻፈውን ሳይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። መጣልም መስጠትም አቃተኝ።”

“አናጢ ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ?”

“እሱ ለአፌ ያህል ነው፣ ልጄ። አባትሽ ሄደ፣ ግቢው ሄደ። አንቺም ስትሄጂ ከዚህ ግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ።” በአፈር እጃቸው ግንባራቸውን ጠረጉ። “ፈራሁ” አሉ እንደገና፤ ቃሉን ከዚያ በፊት ተናግረውት የሚያውቁ አይመስሉም።

ልጅቱ ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ግን ግንባራቸው ላይ የቀረውን የአፈር እድፍ ስታይ ተወችው። ማገሩን ታቅፋ፣ በቤት ነጠላ ጫማዋ ደረጃውን ወረደች። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው መንገዱ ሲደበዝዝባት ነው።

የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ መኪና ቆሟል። የመሣሪያው ሣጥን ከኋላ ተጭኗል፤ ሾፌሩ መሪውን ይዞ ይጠብቃል። አናጢው ጠረጴዛውን በሸራ እየሸፈነ ነበር።

“ምን ልታዘዝ? በረንዳው ላይ ችግር ገጠመዎት?” አላት ቀና ሳይል።

“እርስዎ አትበለኝ!” አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ማገሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። “ይሄን ያገኘሁት አሁን ነው። ሌሎቹን አላየኋቸውም። አንዱንም።”

“አገላብጬ አይቻለሁ ብለሽኛል።”

“ዋሸሁህ። ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ከነጫማዬ ነበር የምተኛው። ያልከኝን መርሳቴን ብነግርህ ግድ የለሽ እመስልሃለሁ ብዬ ፈራሁ። ስንጥቅ እንድፈልግ ነበር የመሰለኝ!”

አናጢው ማገሩን አየ፤ እሷን አየ። እጁ ሸራው ላይ ቀረ። “እኔ እኮ ልቤን ሰጥቼሽ በአረንጓዴ ቀለም የመለስሽልኝ መስሎኝ ነው” አለ በዝግታ። “እምቢ ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር። እየሳቅሽ ‘ቀባናቸው’ ስትዪኝ...”

“ምን ነበር የጻፍክልኝ? ንገረኝ።”

“በአፌ መናገር ብችል መች በእንጨት ላይ እጽፍ ነበር?” አንገቱን ደፋ። “አራት ቀን ነው የፈጀብኝ። አሁን አንዱም አይመጣልኝም። ታዲያ ቀለሙን ማን ነው...”

“ቀለሙማ በስህተት ነው” አለች ቶሎ ብላ። “እማዬ ሳታውቅ፣ በስህተት...”

“በስህተት አይደለም!”

ሁለቱም ዞሩ፤ ሾፌሩም ጭምር። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆመዋል። በጉልበታቸው ሕመም የተነሣ ወር ሙሉ ያልወረዱትን ደረጃ ወርደው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ በሩን በአፈር እጃቸው ደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

“እኔ ነኝ የቀባሁት፤ አንብቤ፣ አውቄ” አሉ አናጢውን ትኩር ብለው። “አንዴ ያነበብኩት ነገር አይጠፋኝም። እንዲጠፋኝ ፈልጌ ነበር፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ኪያሩን ሳጠጣ ጽሑፉ ከቀለሙ ሥር እየወጣ ይታየኛል። የሸፈንኩትን እኔው እገልጠዋለሁ። በሥርዓት ቁሙ!”

ቆሙ። ሾፌሩም ሳይቀር ሞተሩን አጠፋ።

ዳይሬክተሯ እጃቸውን ከኋላ አቆላልፈው ጀመሩ። “‘በአፌ ስለማልችልበት በእጄ ልሞክር። ሰው ቤት ገብቼ ስሠራ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬን ጨርሼ ቶሎ መውጣት ነው ልማዴ። እናንተ ቤት ግን የሁለት ቀኑን ሥራ ሦስት ሳምንት አስኬድኩት። አራት ጊዜ የለካሁት የሜትሩን ጫፍ ስትይዢልኝ ቁጥሩ ስለማይታየኝ ነው።’”

አናጢው የሚገባበት ቀዳዳ ቢያገኝ በወደደ። ልጅቱ ግን ከፊቱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

“አምስተኛው ማገር” አሉ ዳይሬክተሯ። “‘ራሴን አሞኝ አያውቅም። ካንቺ የገዛኋቸው ክኒኖች እንዳሉ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።’” ከመኪናው ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ዳይሬክተሯ ዞር ብለው ሲያዩት ጠፋ። “‘እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህን አልደብቅሽም። በሩ የማይጮህ፣ መስኮቱ ነፋስ የማያስገባ ቤት ግን ልሠራልሽ እችላለሁ። ስትደክሚ ጫማሽን አወልቅልሻለሁ። ስትቆጪ ዝም እላለሁ፤ ስታለቅሺ ሥራዬን አቆማለሁ።’”

እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። “አሥረኛው” አሉ፤ ብዙ ቆይተውም፣ “‘እትዬ ስለ ቲማቲም የተቆጡኝ ቀን እንባሽን አይቻለሁ። እናቷን እንዲህ የምትወድ ሴት እኔንም ብትወደኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው።’”

ከኋላ ያቆላለፉትን እጃቸውን ፈቱ።

“ያለው ይሄው ነው” አሉ ዳይሬክተሯ። “አንድም ቃል አልቀነስኩበትም።”

መድኃኒት ቀማሚዋ ወደ አናጢው ተጠጋች። ፀጉሯ ተበታትኗል፤ አንዱን ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ጥላዋለች። እንባዋን አልጠረገችም፤ እንዲያየው ፈልጋለች። “መልሱን ከፊትሽ አነበዋለሁ ብለህ ነበር” አለችው። “ያኔ ፊቴ ላይ ምን እንዳየህ አላውቅም። አሁን አንብበው።”

ቀና ብሎ አየ። ቸኩሎ አላነበበም፤ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ እንደገናም ወደ ላይ፣ እያንዳንዷን ነገር አየ። ከዚያ ከሦስት ሳምንት ሥራና ከአምስት ሳምንት ዝምታ በኋላ እጇን ያዘ። ሾፌሩ ማንም ሳያዝዘው ከመኪናው ወረደና የመሣሪያውን ሣጥን አንሥቶ በሩ ላይ አስቀመጠው።

“ጨረስክ?” አሉ ዳይሬክተሯ። “ከጨረስክ ወንበር ስጠኝ፤ ጉልበቴ አልቋል።”

አናጢው ሮጦ ወንበር አመጣ፤ ብናኙን በእጅጌው ጠርጎ፣ ክንዳቸውን ደግፎ “ይቀመጡ፣ እናቴ” አላቸው። እናቴ ሲላቸው ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ቁጣ አልነበረም። ባላቸው በተቀበሩ ቀን በለቀስተኛ ፊት ያላፈሰሱትን እንባ፣ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው አናጢውን ጨብጠው ይዘው፣ እዚያ የእንጨት ብናኝ መሃል ተቀምጠው ያለ ኀፍረት አለቀሱት።